ደም ብዛትን ቤትዎ ሆነው ይለኩ

«ደም ብዛት ቢኖርብኝ ራሴን ያመኝ ነበር» ያላልን ስንቶቻችን ነን? ግፊት ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

መለካት ያስፈልጋል። ምሥራቅ ጎጃም፣ ዲማ የሚኖር ሰው ግን ለመለካት ብሎ በየሳምንቱ ደብረ ማርቆስ መመላለሱን እንዴት ይችለዋል? ደግሞም ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ልባቸው እየመታ ግፊታቸው ከወትሮው የሚጨምርባቸው ብዙ ናቸው። ቤትዎ ሆነው ለሰባት ቀን የመዘገቡበት ደብተር ከአንድ ቀን ልኬት የበለጠ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

መሣሪያው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና ክንድ ላይ የሚጠመጠም ይሁን፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ዋጋው ለአንድ ቤት ከከበደ ጎረቤት ወይም የመስጊዱ ጀመዓ አዋጥቶ አንድ ቢገዛ ምን ይከፋል! መጀመሪያ ግን ጤና ጣቢያ ወስደው ከእነሱ መለኪያ ጋር ያስተያዩት።

ከመለካትዎ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ጫት አይቃሙ፣ ሲጋራም አያጭሱ። ሽንት ቤት ደርሰው ይመለሱ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ መሬት አስረግጠው አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ በእጅጌ ላይ አይጠምጥሙት። ጠዋት መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ማታም እንደገና፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ሁሉንም ይጻፉ። ጥሩ ጥሩው ብቻ እየተመረጠ የተጻፈ ደብተር ሐኪሙን ያሳስታል። የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን በአማካይ ሲያሰሉት 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊትዎ ከፍ ብሏል፤ ጤና ተቋም ሲለካ መነሻው 140 በ90 ነው።

ቁጥሩ ወረደ ብለው መድኃኒት አያቋርጡ፤ ያወረደው መድኃኒቱ ሊሆን ይችላልና። ቡና በጨው የምትጠጡ ቤተሰቦች ደግሞ ልብ በሉ፤ በቀን የሚፈቀደው ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። የሽሮውና የበርበሬው ጨው ሳይቀር በዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

በረመዷን ኪኒኑን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ማዞር የሚቻለው ሐኪም ሲፈቅድ ነው፤ ስለዚህ ወሩ ሳይገባ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። የደረት ሕመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መድከም ካጋጠመ ግን መለኪያውን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።