ለመሠረት የሚደረቡ ሁለት ልብሶች

ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ውስጡንም ውጭውንም በቅጥራን እንዲመርግ መታዘዙን በኦሪት ዘፍጥረት ያነበበ ሰው፣ ግዙፉን አካል ከውሃ የመለየት ጥበብ ምን ያህል ጥንታዊ እንደ ሆነ ያስተውላል፤ ዛሬም በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አውራጃዎች የሚኖሩ ግንበኞች ከምድር በታች ያቆሙትን የኮንክሪት ግድግዳ ከዚያው ከቅጥራን ወገን በሆነ ጥቁር ልባስ ሲሸፍኑት፣ ሥራቸው ከቀድሞው እምብዛም አልራቀም። አዲስ የሆነው በጥቁሩ ልባስ ላይ የሚደረበው ሁለተኛው ልብስ ነው፤ እርሱም እንደ ቀለም ተረጭቶ እንደ ቡሖ ኩፍ የሚለው፣ ሠራተኞቹ ስፕሬይ ፎም ብለው የሚጠሩት ነው።

በሚኒሶታ ግዛት የቤት መሠረት በደቡቡ ክፍል ከ1 ሜትር በላይ፣ በሰሜኑ ደግሞ 1 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ምድር እንዲወርድ ሕጉ ያዛል፤ በበረዶው ወራት በአፈር ውስጥ ያለው ውሃ ረግቶ ሲያብጥ፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት ከነቤቱ ወደ ላይ ያነሣዋልና። ይህን ያህል ከተቆፈረ በኋላ ጥቂት ጨምሮ ቆፍሮ ከቤቱ ሥር ቤዝመንት ማበጀት የአገሩ ልማድ ሆነ። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የሰፈሩ ወገኖቻችንም ቤት ሲገዙ ይህንን ከመሬት በታች ያለ ክፍል አብረው ይገዛሉ፤ ልጆችንም እንግዶችንም ያስተኙበታል። አፈሩ በረዶ ሆኖ መሠረት ከማያነሣበት አገር የመጣ ሰው ግን የግድግዳው ጀርባ ምን እንደ ለበሰ መጠየቅ ላያስብ ይችላል፤ ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ እርሱ ነው።

ኮንክሪት ለዓይን ጽኑዕ ድንጋይ ቢመስልም በባሕርዩ በረቂቃን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለ ሆነ፣ የፋኖስ ክር ጋዝን እንደሚስብ ርጥበትን ከአፈር ይስባል። ይህ የመጀመሪያው የውሃ መንገድ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ብርቱ ነው፤ ዝናም ወይም የቀለጠ በረዶ በግድግዳው ዙሪያ በተከማቸ ጊዜ፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በግርጌው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 2 ቶን ያህል ክብደት ይገፋል፤ በዚህም ኀይል ከፀጉር በቀጠነ ስንጥቅ ሳይቀር ይገባል። ብዙዎች የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። በርካሽ የሚቀባው ስስ ሬንጅ የመጀመሪያውን ርጥበት ይከለክላል እንጂ የሁለተኛውን ግፊት አይችልም፤ ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ አብሮት ይሰነጠቃልና። ሜምብሬን የሚባለው ግን እንደ ጎማ የሚለጠጥ በመሆኑ፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅም እርሱ ሳይቀደድ በስንጥቁ ላይ ተወጥሮ ይቀራል።

ሜምብሬን በአያሌ ዓይነት ይገኛል። አንዱ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው፣ በአንድ ገጹ የሚለጠፍ በሌላው ገጹ ስስ ፕላስቲክ የለበሰ ነው፤ ሌላው ደግሞ ፈሳሽ ሆኖ ይረጭና በግድግዳው ላይ ይረጋል። በሁለቱም ዘንድ ኮንክሪቱ ደረቅና ከአቧራ የነጻ፣ ቀዳዳውም አስቀድሞ የተደፈነ ሊሆን ይገባዋል። ግድግዳው ከሚቆምበት የኮንክሪት መደብ፣ ፉቲንግ ከሚባለው ጋር የሚጋጠምበት ማዕዘን ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ውሃ አስቀድሞ የሚፈትነው እርሱን ነውና።

ስፕሬይ ፎም የፖሊዩሬቴን ዘር ነው። ፖሊዩሬቴንን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ከተማ በ1937 እ.ኤ.አ. አገኙት። ሁለት ፈሳሾች በየበርሜላቸው ተለይተው፣ በሞቀ ቱቦ ውስጥ ጎን ለጎን ተጉዘው፣ በመርጫው አፍ ላይ ብቻ ይገናኛሉ፤ በተገናኙም ጊዜ ተዋሕደው፣ ሙቀት አውጥተው፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ብዙ እጥፍ ያብጣሉ፤ ወዲያውም ይጠጥራሉ። ለመሠረት የሚመረጠው እያንዳንዱ አረፋ ተዘግቶ የቀረበት፣ በአንድ ሜትር ኩብ 32 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ዓይነት ነው፤ አረፋዎቹ ክፍት የሆኑበት ቀላሉ ዓይነት ውሃን እንደ ስፖንጅ ስለሚይዝ ለዚህ ግብር አይበቃም።

ፎሙ ውሃን እምብዛም የማይጠጣ ስለ ሆነ፣ ሜምብሬኑ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ በባሕርዩ ይገኛል፤ ፎም ሲደርቅ ግትር ነው፤ መሠረቱ ሲሰነጠቅ ከመለጠጥ ይልቅ አብሮ መሰንጠቅ ይቀናዋል። ለብርድ ዘበኛ የሆነውን ለውሃ ግፊት ዘበኛ ማድረግ፣ በእኔ አስተያየት፣ ቤትን ለጥፋት ማጋለጥ ነው። በአንጻሩ ፎሙ ከውጭ ሲደረብ ሜምብሬኑን ጉድጓዱን መልሶ ከሚሞላው ሙሌት ስለታም ድንጋይ ይጠብቅለታል፤ ኮንክሪቱም ሞቆ ስለሚሰነብት በቤት ውስጥ ያለው አየር በግድግዳው ላይ ላብ አያወጣም።

ነገር ግን ሁለቱን ማዋሐድ የራሱ ሥርዓት አለው። ፎም በፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ላይ አይያያዝም፤ የብዙው ጥቅል ሜምብሬን ፊት ደግሞ ከዚያው ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ስለዚህ ፎም የሚያስረጭ ሰው ብዙ ጊዜ ፈሳሹን ሜምብሬን ይመርጣል፤ አሟሚው ተንኖ እስኪያልቅም ይታገሣል። ፎሙም በአንድ ጊዜ ከ5 ሳንቲሜትር ያላለፈ ሆኖ፣ በየንብርብሩ እየቀዘቀዘ ይረጫል፤ በብዛት ከተረጨ ከራሱ የሚወጣው ሙቀት ፎሙን ሊያሳርር፣ በሥሩም ያለውን ሬንጅ ሊያለሰልስ ይችላል። ሁለቱ እንደሚስማሙ ከሁለቱም ሠሪዎች በጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ይገባል። ከመሬት በላይ የሚቀረው የፎም ክፍል በሲሚንቶ ልስን ወይም በቆርቆሮ ይሸፈናል፤ የፀሐይ ብርሃን ያጠፋዋልና።

አሮጌ ቤት የገዛ ሰው ዙሪያውን ማስቆፈር ስለሚከብደው ፎሙን ከውስጥ ያስረጫል። ይህም ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃ የሚያስገባ ግድግዳ ካለ አስቀድሞ መጠገን አለበት፤ ፎም የፍሳሹን ምልክት ከዓይን ይሰውራል እንጂ ፍሳሹን አይፈውስም። ገና ያልረጋው ፎም የሚያወጣው እንፋሎት አስም የሚያስከትል በመሆኑ፣ ረጪው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭምብል ያጠልቃል፤ ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ ለ24 ሰዓት ከቤት ይወጣል። ከዚያም ፎሙ ለእሳት እንዳይጋለጥ 12.5 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የጂፕሰም ሰሌዳ ይሸፈናል። እንደ ፍሎሪዳና ጆርጂያ ባሉ ምስጥ በበዛባቸው የደቡብ ግዛቶች ደግሞ ፎምን ከአፈር በታች በመሠረት ውጫዊ ገጽ ላይ ማኖር በአብዛኛው የተከለከለ ነው፤ ምስጥ ፎሙን ቦርቡሮ ከዓይን ተሰውሮ ወደ እንጨቱ ይወጣልና።

ልብሶቹ ሁለቱም ከተለበሱ በኋላ በፉቲንጉ ጎን የተበሳ ቱቦ ይዘረጋል፤ ጠጠርም ይለብሳል፤ ሙሌቱም በላዩ ይመለሳል። የግቢው አፈር ከግድግዳው 3 ሜትር እስኪርቅ ድረስ 15 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ተደርጎ ይስተካከላል። በመጋቢትና በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ፣ ወደ ግድግዳው የሾለከው ውሃ በጠጠሩ መካከል ወርዶ ቱቦውን ይይዛል፤ በቤዝመንቱ ጥግ ወዳለችው ጉድጓድም ይደርሳል፤ በዚያም ትንሿ ፓምፕ ድምፅ አሰምታ ወደ ግቢው ትመልሰዋለች።