አክሲዮን ለሚገዛ ወጣት፦ ገበያው በሞላ ወይስ ፈጣን ዕድገት?

በአሜሪካ ሥራ የያዘ ልጅ ያለው ነጋዴ ስለ ኢንዴክስ ፈንድ ሳይጠየቅ አይቀርም። ይህ ፈንድ፥ አንድ የታወቀ ዝርዝር ተከትሎ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛ የጋራ ገንዘብ ነው፤ ለተራው ሕዝብ ያቀረበው ጆን ቦግል ሲሆን ዘመኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1976 ነበር።

ዓይነቱ ግን ልዩ ልዩ ነው። አንደኛው ባንኩንም፥ የነዳጅ ኩባንያውንም፥ መድኃኒት ሠሪውንም እንደየመጠናቸው ይይዛል። ሁለተኛው ፈጥነው ያድጋሉ የተባሉትን ብቻ ይመርጣል፤ የእነዚህም ዋጋ ዛሬ ከሚያተርፉት ጋር ሲመዛዘን ውድ ነው። መልካም ዕቃም ቢሆን በውድ ከተገዛ እንደሚያከስር ለነጋዴ መንገር አያሻም።

የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሚበዙበት የናስዳክ ዝርዝር ከመጋቢት 2000 እስከ ጥቅምት 2002 ከመቶው 78 እጅ ያህል ወደቀ፤ የቀድሞ ዋጋውንም ያገኘው በ2015 ነው። 500 ታላላቅ ኩባንያዎችን የያዘው ኤስ ኤንድ ፒ ግን ግማሽ ያህል ወድቆ በ2007 ተመለሰ። እርግጥ በ2010ዎቹ ዓመታት ፈጣን አዳጊዎቹ በልጠው ታይተዋል።

ወጣቱ «ጊዜ አለኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን 15 ዓመት ቤት ከሚሠራበትና ልጅ ከሚያሳድግበት ዘመን ላይ የሚቆረጥ ነው። ደግሞም ሰፊው ፈንድ እነዚያኑ አዳጊዎች በውስጡ ይዟል፤ ሁለቱን አብሮ የሚገዛ፥ ያንኑ ዕቃ ደግሞ መግዛቱን ብዙ ጊዜ አያስተውልም። በእኛ አስተያየት ዋናው ገንዘብ በሰፊው ይዋል፤ የዕድገቱም ድርሻ፥ ዋጋው በግማሽ ቢወርድ ሳይሸጥ ሊታገሠው ከሚችለው አይብለጥ።