ጊታር ለመማር በየቀኑ መልመድ እንደሚያስፈልግ

ጊታር ስድስት አውታር ያለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሰውነቱ ከስስ እንጨት የተሠራ ሆኖ ውስጡ ባዶ ነው፤ በፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ከሰውነቱም ረዥም አንገት ይወጣል። አውታሮቹ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ሰውነቱ ድረስ ተወጥረዋል። ከወፍራሙ ተነሥቶ እስከ ቀጭኑ ድረስ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ ሲ፥ ሚ ተብለው ይቃኛሉ።

ክራርን የሚያውቅ ልጅ ጊታርን ሲያይ የክራር ዘመድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በክራር ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ አውታር በተቃኘበት ድምፅ ብቻ ይናገራል፤ በጊታር ግን አንዱ አውታር ብዙ ድምፅ ይሰጣል። የግራ እጅ ጣት አውታሩን በአንገቱ ላይ ሲጫነው የሚንቀጠቀጠው ክፍል ያጥራል፤ ያጠረውም አውታር ከፍ ያለ ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ቀኝ እጅ አውታሩን ይመታል፤ ግራ እጅ ደግሞ የሚሰማውን ድምፅ ይመርጣል። የጀማሪም ድካም አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ከግራ እጅ ሥራ ነው።

ጀማሪ ጊታሩን በተቀበለበት ቀን ደስታው ታላቅ ነው። ምንም ሳይማር እንኳ አውታሮቹን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ሲነካካቸው ደስ የሚል ድምፅ ይሰማል። በማግሥቱም እንዲሁ ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ግን አውታሩን በግራ እጁ መጫን ሲጀምር ድምፁ ይታፈናል፤ ወይም እንደ ዝንብ ጥዝ ይላል። የጣቶቹ ጫፍ ይቀላል፥ ያቃጥለዋልም፤ ትንሿ ጣት ደግሞ አልታዘዝም ትላለች። ከዚህ የተነሣ ጊታር በግድግዳ ተሰቅሎ አቧራ የሚለብስበት ቤት ብዙ ነው። ይህም የሚሆነው ተማሪው ሁልጊዜ ሰነፍ ስለ ሆነ ወይም የሙዚቃ ስጦታ ስለሌለው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚደርስበትን ነገር አስቀድሞ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

የጣት ሕመም ምክንያቱ የታወቀ ነው። የጣት ጫፍ ቆዳ ለስላሳ ነው፤ አውታሩ ግን ቀጭንና የተወጠረ ስለ ሆነ በቆዳው ላይ ሰንበር ያወጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጫኑት ቆዳው ራሱን ለመጠበቅ እየጠነከረ ይሄዳል፤ የገበሬ መዳፍ እርፍ ከመያዝ የተነሣ መጅ እንደሚያወጣ የጣቱም ጫፍ መጅ ያወጣል። ይህም ሁለት ሦስት ሳምንት፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ወር ይፈጃል። ተማሪው ቸኩሎ በአንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢጫን ግን ቆዳው ከመጠንከሩ በፊት ይቆስልና ለብዙ ቀን ጊታሩን መንካት ያቅተዋል። የጣት ጫፍ ቢያቃጥል የተለመደ ነው፤ የእጅ አንጓ ወይም ክንድ ቢያም ግን ወዲያው ማረፍና መምህርን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕመሙን የሚያቀሉ ነገሮችም አሉ። የግራ እጅ ጥፍር በአጭሩ መቈረጥ አለበት። በጊታሩ አንገት ላይ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በአግድም ተተክለዋል፤ ጣት የሚያርፈው በሁለቱ ዘንጎች መካከል፥ ወደ ጊታሩ ሰውነት ባለው ዘንግ አጠገብ ነው፤ በዘንጉ በራሱ ላይ ግን አይደለም። በዚህ ቦታ ሲያርፍ ጥቂት ኃይል ይበቃዋል፤ ከዘንጉ ራቅ ቢል ግን ብዙ ኃይል ይጠይቃል፥ አውታሩም ጥዝ ይላል። ለሕፃንም የናይሎን አውታር ከብረት አውታር ይልቅ ለጣት የለሰለሰ ነው። ይህ ዓይነቱ አውታር ቀድሞ ከእንስሳ አንጀት ይሠራ ነበር፤ በናይሎን መሥራት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1940 እስከ 1950 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ከጣት ሕመም ይልቅ ተማሪን ተስፋ የሚያስቈርጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ጆሮና እጅ አብረው አለመሄዳቸው ነው። ጆሮ ፈጥኖ ይማራል፤ እጅ ግን ዘግይቶ ይከተላል። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪው ስሕተቱን ሁሉ አይሰማም፤ ጆሮው ገና አልሠለጠነምና። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ሳምንት ግን በፊት ያልሰማውን ጉድለት መስማት ይጀምራል። እጁ በእውነት ተሻሽሏል፤ እርሱ ግን ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» ብሎ ጊታሩን የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ጉድለቱን መስማት መጀመሩ የማወቁ ምልክት መሆኑን ቢረዳ ኖሮ ባልተወውም ነበር።

ስለዚህ ተማሪ በጆሮው ፍርድ ብቻ ራሱን እንዳይመዝን ደብተር መያዝ ይጠቅመዋል። ብዙ ድምፆች ባንድነት ተመትተው ሲሰሙ ኮርድ ይባላል። ሚ ሚነር የሚባለው ኮርድ በሁለት ጣት ብቻ ይያዛል፤ ላ ሚነር ደግሞ ሦስት ጣት ይፈልጋል። ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ በደኅና እንደ ተዛወረ ይቈጥርና በደብተሩ ላይ ከቀኑ ጋር ይጽፈዋል። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ጊዜ ብቻ ተዛውሮ እንደ ሆነ፥ ከአንድ ወር በኋላ የጻፈው ቊጥር ሃያ ሲሆን በዓይኑ ያየዋል። ልቡ በከፋው ቀን ደብተሩን ይገልጣል፤ ቊጥር ቊጣንና ሐዘንን አያውቅምና እውነተኛ ምስክር ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ ጊታሩን ሳይነካ ቅዳሜ ብቻ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ተማሪ አለ እንበል፤ ሌላው ደግሞ በየቀኑ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ይህ ሁለተኛው በሳምንት 105 ደቂቃ ብቻ ስለሚለማመድ ከፊተኛው በ15 ደቂቃ ያንሳል፤ ነገር ግን በትምህርቱ ይቀድመዋል። አንደኛ፥ የጣቱ ቆዳ ሳይቆስል ይጠነክራል። ደግሞም እጅ የተማረውን ነገር አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ እንደሚያጸናው ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል። ማታ ያልሆነለት የኮርድ መዛወር በማግሥቱ ቀሎ የሚያገኘው ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ይህም ተአምር አይደለም፥ የእንቅልፍ ሥራ ነው። በየቀኑ የሚለማመድ ልጅ በሳምንት ሰባት ሌሊት ይህን ጥቅም ያገኛል። የቅዳሜው ተማሪ ግን በሁለተኛው ሰዓት ደክሞ ስለሚቸኩል ብዙ ጊዜ የሚለማመደው ስሕተቱን ነው።

«ልቤ ሲፈቅድ እለማመዳለሁ» የሚል ተማሪ ብዙ አይቆይም። ምጣድ ከተጣደ በኋላ እንጂ ሳይጣድ አይግልም፤ ፍላጎትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጊታሩን ይዘው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን መወሰን፥ ለምሳሌ የትምህርት ቤት ሥራ እንዳለቀ ወይም ከእራት በፊት ማድረግ ይገባል። ጊታሩም በሣጥን ከተቈለፈ ይረሳልና እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከፀሐይና ከእሳት ግን ይራቅ፥ ሙቀት ማጣበቂያውን ያላላዋልና። ሲጀምር አውታሮቹን ይቃኛል፤ አዲስ አውታር እየተሳበ ስለሚረግብ በየቀኑ መቃኘት ግድ ነው። ቀጥሎ ያስቸገረውን ነገር በቀስታ ይለማመዳል፤ በመጨረሻም የሚወደውን ዜማ ይመታል። አንዳንድ መምህራን ተማሪው ጣቱን እስኪያሠለጥን ድረስ ዜማ ይከለክሉታል፤ ይህ ግን መልካም አይደለም። ዜማ የማይሰማበት ልምምድ ወጥ እንደሌለው እንጀራ ነው፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ለብዙ ጊዜ ደረቁን አይበላም።

በፈረንሳይ አገር ስሙ የታወቀ ጃንጎ ራይንሃርት የሚባል የጊታር መቺ ነበር። በ1910 በቤልጅግ አገር ሮማ ከሚባሉት ተጓዥ ሕዝብ ወገን ተወልዶ በፓሪስ አጠገብ በሠረገላ ቤት አደገ። ገና በልጅነቱ የሌሎችን እጅ እያየ መምታት ተምሮ በጭፈራ ቤቶች ይመታ ነበር። በ1928፥ ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆን፥ በአንድ ሌሊት ሠረገላው በእሳት ተያያዘ። እግሩና ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠሉ፤ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ታጥፈው ቀሩ። ሐኪሞች ጊታር ከእንግዲህ የሚመታ አልመሰላቸውም። ወንድሙ ዮሴፍ ግን አዲስ ጊታር አመጣለት። ጃንጎም አንድ ዓመት ተኩል ያህል በሕክምናና በማገገም ሳለ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያ ተነሥቶ በአመልካች ጣቱና በመካከለኛው ጣቱ መምታትን ተማረ፤ የታጠፉት ጣቶች በኮርድ ላይ ጥቂት ብቻ ይረዱት ነበር። የእርሱ ነገር ከጀማሪ ልጅ ነገር ጋር በሁሉ አንድ አይደለም፤ ጆሮው አስቀድሞ የሠለጠነ ነበርና። ሆኖም ጆሮው የሚያውቀውን ዜማ እጁ እምቢ ሲለው መስማት ለእርሱ ከማንም ጀማሪ ይልቅ ይከብድ ነበር። በ1934 ቫዮሊን ከሚመታው ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ አምስት ሰዎች ያሉበት የሙዚቃ ጓድ አቆመ፤ በ1953 ሞተ። በሁለት ጣት የመታውን ዛሬ በአራት ጣት ለመምታት የሚደክሙ ብዙዎች ናቸው።

ተማሪ በሕመም ወይም በመንገድ ምክንያት አንድ ቀን ቢያልፈው ያለፈውን ለመክፈል በማግሥቱ እጥፍ መልመድ አያስፈልገውም፤ የዕለቱን 15 ደቂቃ ብቻ ያድርግ። ሁለተኛው ቀን እንዳያልፈው ግን ይጠንቀቅ፤ ከሁለተኛው በኋላ ሦስተኛው ቀላል ነውና። ፋ ሜጀር ወደሚባለው ኮርድ ሲደርስም አይደንግጥ፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው አመልካች ጣት አውታሮቹን ባንድነት ተጋድሞ ተጭኖ ስለ ሆነ ለብዙ ጀማሪዎች ወራት ይፈጃል። በዚያም ጊዜ ሁሉ ያለ እርሱ የሚመቱ ብዙ ዜማዎች አሉ። በክረምት ዕረፍት ጊታሩን ትቶ ወደ ዘመድ አገር የሄደ ልጅ ሲመለስ ቆዳው ለስልሶ ስለሚያገኘው ጣቱ እንደገና ያቃጥለዋል፤ እጁ የተማረው ነገር ግን ፈጽሞ አይጠፋም፤ ጥቂት ቀን ከለመደ በኋላ የቀድሞ ዜማው ይመለስለታል።