ፕሮግራመሮች ከለመዱት ኤዲተር ለምን አይላቀቁም?

ኮድ የሚጽፍ ሰው ታውቃላችሁ? እስቲ ኤዲተርህን ቀይር በሉት። ኤዲተር ማለት ኮድ የሚጻፍበትና የሚታረምበት ሶፍትዌር ነው። ብዙዎቹ እሺ አይሏችሁም። ግትርነት ይመስላል አይደል? ምክንያቱ ግን ጣታቸው ላይ ነው።

ቪአይ የተባለውን ኤዲተር እንይ። ቢል ጆይ በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ ሳለ ሲሠራው፣ ኮምፒውተሩን የሚያገኘው በሰከንድ 300 ቢት በሚያስተላልፍ ሞደም ነበር። ይህ በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ ነው። የዘመኑ ስክሪን በ24 መስመር፣ በየመስመሩ 80 ፊደል፣ በድምሩ 1,920 ፊደል ይይዛል። ሙሉውን ለመሙላት 64 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው! ስለዚህ ትእዛዞቹ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ብቻ ሆኑ። ለምሳሌ «ዲ»ን ሁለቴ መጫን አንድ መስመር ያጠፋል።

የተጠቀመበት ኤዲኤም-3ኤ ተርሚናል ደግሞ ለብቻው የቀስት ቁልፍ አልነበረውም። ቀስቶቹ የተሣሉት በኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ፊደሎች ላይ ነው፤ ቪአይም ጠቋሚውን በእነሱ አንቀሳቀሰ። ዛሬ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው፤ ቀስትም በየኪቦርዱ አለ። አራቱ ፊደሎች ግን በ1991 በወጣው ተተኪው ቪም ውስጥም እንዳሉ ናቸው።

ለምን? ደጋግመን የሠራነው እንቅስቃሴ፣ እንደ ሳይክል መንዳት፣ ሳናስበው የሚሠራ ልማድ ይሆናል። አእምሯችን ደግሞ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ጣት ራሱን ከቻለ፣ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ለኮዱ ይተርፋል። ኤዲተር ሲቀየር ይህ ይፈርሳል፤ በአንድ ዓይነት የአማርኛ ኪቦርድ መጻፍ የለመደ ሰው ሌላ ሲሰጡት ጣቱ እንደሚስተው ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ ኤዲተር የተሻለ ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ላይ የባሰ ይመስላል።

እስቲ እናስላው። አዲሱ ኤዲተር በቀን 5 ደቂቃ ይቆጥብልናል፣ እሱን ለመልመድ ግን 20 ሰዓት ይፈጃል እንበል። 20 ሰዓት 1,200 ደቂቃ ነው፤ ለ5 ሲካፈል 240 የሥራ ቀን። ኪሳራውን ለማካካስ ብቻ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም! አሁን ግትርነት ነው ትላላችሁ?

ደግሞም ሰው የሚወደው ሁልጊዜ ሶፍትዌሩን አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ የቪምን ትእዛዞች የሚቀበል ተጨማሪ ሊጫንበት ይችላል። ቤቱን ቀይረው የጣታቸውን ቋንቋ ይዘው የገቡ ብዙ ናቸው።

ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ የምትተዉት ልማድ የለም። «የቱ ይሻላል?» እያላችሁ ወር አታባክኑ። ጓደኛችሁ የሚያውቀውን ያዙና ሲቸግራችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ መፈለግን፣ መሰረዝንና የተሳሳቱትን መመለስን ያለ ማውዝ ልመዱ። በቃ፣ የቀረውን ጣታችሁ ይማረዋል።