ላፕቶፕ ሲገዛ ምን ምን መመልከት ያስፈልጋል?



የ12ኛ ክፍል ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ የምንሰናዳ ተማሪዎች በዚህ ዓመት በዕረፍት ሰዓት ከምናወራው ወሬ አብዛኛው ስለ ላፕቶፕ ነው። «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ እሰማለሁ፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የአንድ ፋብሪካ ስም ብቻ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የፋብሪካው ስም አይደለም። ይህንንም የምለው ዐዋቂ ነኝ በማለት ሳይሆን፣ በቤታችን አንድ ጊዜ ተሳስተን ስለ ከሰርንና ሁለተኛው ምርጫ በእኔ ላይ ስለ ወደቀ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከሦስት ዓመት በፊት የምሕንድስና ትምህርት ሊጀምር ሲሄድ፣ እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ከምትጥለው ዕቁብ በደረሳት ገንዘብ አንድ ላፕቶፕ ገዛችለት። ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ መልኩም ያማረ ነበር። ሻጩም «እናቴ፣ አዲስ ዕቃ እያለ አሮጌ ምን ያደርግልዎታል?» አላት። በውስጡ የነበረው ግን ሁለት ኮር ያለው ሴሌሮን የሚባል ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነበር። ጥቂት ወራት እንደ ቈየ ዊንዶውስ ራሱን ሊያድስ ሲል ቦታ አጣ። አውቶካድ የተባለው የንድፍ ፕሮግራም ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ለመከፈት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ተከፍቶም መካከል ላይ ይቆማል። ወንድሜ ጥገና ቤት ወስዶ «ራም ይጨመርልኝ» ቢል፣ ጠጋኙ የኋላውን ክዳን ፈትቶ አሳየው። ራሙም ማከማቻውም በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ነበሩ። የሚነቀል ነገር የለም፤ የሚሰካበትም ቦታ የለም።

የሚያስገርመው ደግሞ ሻጩ አልዋሸም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ያወጣው ዝቅተኛ መመዘኛ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። የወንድሜ ላፕቶፕ መመዘኛውን በትክክል ያሟላል። ወንድሜ ግን እስከ ዛሬ የንድፍ ሥራውን የሚሠራው የጓደኞቹ ላፕቶፕ ሥራ እስኪፈታ ጠብቆ በሌሊት ነው።

ዘንድሮ ዕቁቡ ዳግመኛ ለእናቴ ሲደርሳት፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ አጥኚና ንገሪኝ፤ እንደ ወንድምሽ ሁለተኛ መሆን የለበትም» አለችኝ። እኔም የሥነ ሕንፃ ትምህርት ለመማር ስለማስብ ነገሩ እንደ ወንድሜ የሚያሳስበኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል የኮምፒዩተር መምህራችንን እየጠየቅሁ፣ ከሱቅ ወደ ሱቅም እየዞርሁ የዋጋ ወረቀት ሰበሰብሁ። (ዋጋውን በዚህ ላይ ያልጻፍሁት መጽሔታችን ታትሞ እስኪወጣ ድረስ መለወጡ ስለማይቀር ነው።)

ከወረቀቶቹ ሁሉ እጅግ ያስቸገረኝ የአንዱ ሱቅ ነው። አንድ ዐይነት ላፕቶፕ፣ በአንድ ዋጋ፣ በሁለት አኳኋን ተሰናድቶ ይሸጣል። አንደኛው ኮር አይ 7 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። ሁለተኛው ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። የክፍሌን ልጆች ብጠይቅ ሁሉም ያለ ማወላወል አንደኛውን መረጡ። «ሰባት ከአምስት ይበልጣል፤ 512ም ከ256 ይበልጣል» ነው ምክንያታቸው። በሒሳብ ትክክል ነው።

መልሱን ከማግኘቴ በፊት ሦስቱ ዕቃዎች ምን ምን እንደሚሠሩ ለእናቴ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ገንዘቡ የእርሷ ነውና። እንዲህ አልኋት፦ «ማከማቻው ጎተራ ነው፤ እህሉ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ራሙ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ነው፤ ለዛሬ የሚሠራው ብቻ ከጎተራ ወጥቶ እዚያ ይዘረጋል። ፕሮሰሰሩ ባለሙያዋ ናት፤ የምትከትፈውም የምታማስለውም እርሷ ናት። ማታ መኪናው ሲዘጋ ጠረጴዛው ይጠረጋል፤ ጎተራው ግን እንዳለ ያድራል።» እናቴም ጥቂት ዝም ብላ፣ «ታዲያ የወንድምሽ ጠረጴዛ ስንት ሰሐን ያስቀምጥ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገሩ እንደ ገባት በዚህ ዐወቅሁ።

ፕሮሰሰሩን በሚመለከት፣ ሰው ሁሉ የሚያየው 3፣ 5፣ 7 የሚለውን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ያለውን ደረጃ እንጂ ሌላ አይናገርም። ትውልዱ የሚታወቀው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ረዥም ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኮር አይ 7 7500ዩ ሰባተኛ ትውልድ ሲሆን ኮሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ ኮር አይ 5 8250ዩ ግን አራት ኮር አለው። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ አንድ ክፍል ስለ ሆነ፣ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ አምስቱ ሰባቱን ይበልጠዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ጓደኞቼ፣ በላዩ የተለጠፈውን ምልክት ሳይሆን ረዥሙን ቁጥር አንብቡ። ኤኤምዲ በሚባለው ፋብሪካ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ራይዘን 5 7520ዩ የሚለው በ7 ስለሚጀምር አዲስ ይመስላል፣ ነገር ግን የውስጥ ሥሪቱን የሚያመለክተው ሦስተኛው ቁጥር 2 ነው፤ ይህም ሥሪት እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው።

በመጨረሻ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። ዩ የሚለው በ15 ዋት አካባቢ የሚሠራ፣ ኤች የሚለው ደግሞ እስከ 45 ዋትና ከዚያም በላይ የሚፈልግ ኀይለኛ ፕሮሰሰር ነው። ኤች ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ይሞቃል፣ ባትሪም ይጨርሳል።

አሁን ወደ ሁለቱ ላፕቶፖች ልመለስ። የሁለቱም ፕሮሰሰር አሥራ ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ አንደኛው ኮር አይ 7 1255ዩ፣ ሁለተኛው ኮር አይ 5 1235ዩ። ዝርዝራቸውን ጎን ለጎን አድርጌ ብመለከት በጣም ተደነቅሁ። ሁለቱም አሥር አሥር ኮር አላቸው፤ ከእነዚህም ሁለቱ ብርቱዎች፣ ስምንቱ ቀለል ያሉ ናቸው። ሁለቱም በቅርብ የሚያስቀምጡት ጊዜያዊ ማስታወሻ 12 ሜጋባይት ነው። የፍጥነታቸው ጣሪያ በአይ 7 4.7 ጊጋኸርዝ፣ በአይ 5 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። 4.7ን ለ4.4 ባካፍል ልዩነቱ 7 ከመቶ እንኳ አይሞላም። ሥዕል የሚያዘጋጀው ክፍል በአይ 7 ላይ በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ይሁን እንጂ ባለሙያዋ ያች የምናውቃት ባለሙያ ናት፤ እጇ ጥቂት ፈጠነ እንጂ።

ራሙ ላይ ያለው ልዩነት ግን እጥፍ ነው። የኮምፒዩተር መምህራችን 16 ጊጋባይት ባለው በራሳቸው ላፕቶፕ ላይ አንድ ሙከራ አሳዩኝ። አሥር ያህል የኢንተርኔት ገጾችን፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የጽሑፍ ማዘጋጃውንና አውቶካድን ባንድ ጊዜ ከፈቱና ታስክ ማናጀር የሚባለውን መቈጣጠሪያ አመለከቱኝ። የተያዘው ራም ከ9 ጊጋባይት አልፎ ነበር። «8 ቢሆን ኖሮስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መኪናው ወዲያው እንደማይቆም፣ ነገር ግን የተረፈውን ከኤስኤስዲው ላይ ቦታ ተበድሮ እንደሚያስቀምጠው አስረዱኝ። ዛሬ በብዙ ላፕቶፕ የሚገኘው ዲዲአር 4 ራም አንዱ ብቻውን በሰከንድ 25 ጊጋባይት ያህል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መካከለኛ የሆነ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ግን 3.5 ጊጋባይት ያህል ነው። ጥቃቅን ነገር እየተፈለገ ሲነሣማ ልዩነቱ ከዚህ እጅግ ይሰፋል። ጠረጴዛው ሲሞላ ባለሙያዋ ለእያንዳንዱ ቅመም ጎተራ ድረስ ትመላለሳለች፤ የእጇም ፍጥነት በመንገድ ላይ ይቀራል።

ጽሑፍ ከመጻፍና መጽሐፍ ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ ለሌለው ተማሪ 8 ጊጋባይት ዛሬም ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ለመክፈል ወላጆቹን ማስጨነቅ የለበትም። ለሥነ ሕንፃ፣ ለምሕንድስናና ለኮምፒዩተር ትምህርት ግን 16 ያስፈልጋል እላለሁ። 4 ጊጋባይት ያለውን ማንም በስጦታ ካልሰጣችሁ በቀር አትቀበሉ።

ስለ ማከማቻው ሦስት ዐይነት እንዳለ ልብ በሉ። የመጀመሪያው የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። በብዙ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም በሰከንድ 90 ጊዜ ነው። እንግዲህ አንዱ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የተፈለገውም ነገር እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው፤ የሚያነብበው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሳይቈጠር። ዊንዶውስ ሲነሣ እንዲህ ያለውን ፍለጋ ብዙ ሺህ ጊዜ ያደርጋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ጥበቃ የለበትም። በቤታችሁ አሮጌ ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ ካለ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ኤስኤስዲ ብቻ ቢለወጥለት ምን ያህል እንደሚታደስ ሞክራችሁ እዩ። ሦስተኛው ዐይነት ኢኤምኤምሲ ይባላል፤ በርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ የሚበየደው፣ የወንድሜም ይኸው ነበር።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጎረቤታችን 256 ጊጋባይት ብለው የገዙት ዊንዶውስ ላይ 238 ሆኖ ስላገኙት ከሻጩ ጋር ሊጣሉ ነበር። ሻጩ አላታለላቸውም። ፋብሪካው አንድ ጊጋባይት የሚለው 1,000,000,000 ባይት ሲሆን ዊንዶውስ የሚቈጥረው ግን 1024 በ1024 በ1024፣ ማለት 1,073,741,824 ባይት አድርጎ ነው። በዚህ ቈጠራ 512ም 476 ሆኖ ይታያል።

ምርጫውን የቈረጠልኝ ግን የመምህራችን አንድ ጥያቄ ነው። «ከነዚህ ሁሉ በኋላ ሊለወጥ የሚችለው የትኛው ነው?» አሉኝ። ወደ ሱቁ ተመልሼ የላፕቶፑን ሙሉ ዝርዝር አስወጣሁ። ራሙ «ኦንቦርድ» ይላል፤ ይህ ማለት የተበየደ ነው። ፕሮሰሰሩም እንደ ዛሬ ላፕቶፖች ሁሉ የተበየደ ነው። ኤስኤስዲው ግን 22 ሚሊሜትር ወርድ፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ኤም 2 የሚባለው ዐይነት ሆኖ በአንዲት ቡሎን ተይዞ የሚሰካና የሚነቀል ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት፣ «እንግዲያውስ ሰፊ ጠረጴዛ ያለውን እንግዛ፤ ጎተራ እግዜር ሲሰጥ ይሠራል» አለች። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔም አልነበረኝም።

ስለ ቀሩት ነገሮች ባጭሩ ልናገር። ስክሪኑ 1920 በ1080 ይሁን፤ 1366 በ768 የሆነው የነጥቦቹ ብዛት የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ንድፍ ለሚሠራ ሰው ይጠባል። ባትሪው በዋት ሰዓት ይለካል፤ 45 ዋት ሰዓት ያለው፣ ሥራው በአማካይ 9 ዋት ቢወስድ፣ አምስት ሰዓት ይቈያል፤ 15 ዋት ቢወስድ ሦስት ብቻ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምንኖር ይህ ስሌት ከፍጥነቱ አያንስም። የአማርኛ ፊደል ለመጻፍ ግን የተለየ ኪቦርድ ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ በማናቸውም ላፕቶፕ ላይ ይጻፋል።

ላፕቶፑን የገዛነው ባለፈው ወር ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት ሻጩ ፊት ከፍቼ የፕሮሰሰሩን ረዥም ቁጥር፣ ራሙንና የኤስኤስዲውን መጠን ከወረቀቱ ጋር አመሳከርሁ። ሻጩ «ልጅቷ ጠበቃ ናት እንዴ?» ብሎ እናቴን ጠየቃት፤ እናቴም ሳቀች።

ወንድሜ ለዕረፍት መጥቶ በመጀመሪያው ማታ ያቺን ለሁለት ዓመት ያስቸገረችውን የድልድይ ንድፍ በአዲሱ ላፕቶፕ ላይ ከፈታት። ሳትቆም ተከፈተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላፕቶፑ አጠገብ ስላልተነሣ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት በእጄ፣ በደብተር ላይ ነው።