የቤተ ሰብ መሬትና በደብተሩ የተጻፈው ስም

ሰው በዚህ ዓለም ከሚይዘው ሀብት ሁሉ እንደ መሬት ከቤተ ሰብ ኑሮ ጋራ የተሳሰረ ነገር የለም። ከብት ይሞታል፤ ልብስ ያልቃል፤ ገንዘብም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። መሬት ግን አባት ያረሳት፥ ልጅ የሚያርሳት፥ የልጅ ልጅም የሚጠብቃት ናት። የአገራችን ገበሬ «ርስት በሺህ ዓመት ለባለቤቱ» እያለ መተረቱም ይህን በማሰብ ነው።

ዳሩ ግን መሬት ቤተ ሰብን በአንድነት የሚያኖረው በእርሷ የሚተዳደሩት ሁሉ መብታቸው የታወቀ እንደ ሆነ ነው። በቤቱ ውስጥ መብቱ ያልታወቀለት ሰው ካለ፥ እንጀራ የምትሰጠው ያችው መሬት የጠብ ምክንያት ትሆናለች። ስለዚህ የመሬት መብት ቀድሞ በምን ይታወቅ እንደ ነበረ፥ ዛሬም በምን እንደሚታወቅ፥ ባልና ሚስትም ስለዚህ ነገር ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን።

በቀድሞው ዘመን በሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል፥ ይልቁንም በጎጃምና በጎንደር ገጠር፥ ገበሬ መሬት የሚይዘው በርስት ነበረ። ርስት ማለት መሬቱን አስቀድሞ ካቀናው አባት መወለድን በመቍጠር የሚገኝ ድርሻ ነው። ጉልት ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ባለ ሥልጣን ወይም ቤተ ክርስቲያን ከባለ ርስቱ ግብር የሚቀበልበት መብት ነበረና። የርስት ቈጠራ በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይሄድ ስለ ነበረ፥ ወንድም ሴትም ርስት መጠየቅ ይችሉ ነበር። በዳሞት የገበሬውን የመሬት ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ሊቅ አለን ሆበን በ1973 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ አንድ ሰው በዘር ቈጠራ መብት አለኝ የሚልበት ቦታ ብዙ ሲሆን፥ በእጁ የሚገባው ግን ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ነበረ። የቀረውን ለማግኘት መከራከር፥ ሽማግሌ ማስቀመጥ፥ ዳኛ ፊት መቆም ያስፈልግ ነበር።

በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ገበሬ የመሬቱ ደብተር የሽማግሌው ትዝታ ነበረ። የትውልዱን ሐረግ የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ሳለ የቤተ ሰቡ መብት ይጠበቅ ነበር፤ እርሱ ሲሞት ግን ብዙ ነገር አብሮት ይቀበር ነበር። በዚህም ይልቁን የምትጐዳው ሴት ነበረች። ምንም እንኳ ሥርዓቱ ድርሻዋን ባይነሣት፥ ባል አግብታ ወደ ሌላ መንደር ስትሄድ የአባትዋ መሬት ብዙ ጊዜ በወንድሞችዋ እጅ ይቀር ነበርና። በባልዋ ርስት ላይም በዘር የሚቈጠር መብት አልነበራትም። እንግዲህ ባልዋ የሞተባት ወይም የተፋታች እንደ ሆነ፥ አንዲቱ መሬት በሩቅ፥ ሌላይቱም በሰው ስም ሆነው ታገኛቸው ነበር።

በደቡብ በኩል የነበረው ኑሮ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በዚያ አገር እጅግ ብዙ ቤተ ሰብ ጭሰኛ ሆኖ የሰው መሬት ያርስ፥ ከምርቱም ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። ጭሰኛ ጎጆ ቢቀልስ፥ ጓሮውንም ቢያለማ፥ ባለ መሬቱ በቃህ ካለው ለመሄድ ይገደድ ነበር። በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ስለዚህ ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ፥ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ። መሬት መሸጥና መለወጥ ተከለከለ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር የበለጠ እንዳይዝ ተወሰነ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለሆነ ይህ የጋሻ ሩብ መሆኑ ነው። የጭሰኛና የባለ መሬት ነገር በዚህ ተፈጸመ፤ የዘር ቈጠራውም ክርክር ኀይሉን አጣ። መሬቱን በየቀበሌው የሚያከፋፍለው የገበሬ ማኅበር ሆነ። ነገር ግን የማኅበሩ አባል ተብሎ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ አባወራው ስለ ነበረ፥ የሚስት ስም ከባልዋ ስም በስተኋላ እንደ ተሸፈነ ቀረ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፥ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም አጸና። ገበሬውም መሬት በነጻ የማግኘትና ከያዘው ያለመነቀል መብት እንዳለው ተናገረ። በ35ኛው አንቀጽ ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፥ በማስተዳደርና በማስተላለፍ፥ ውርስም በመቀበል ከወንዶች ጋራ እኩል እንዲሆኑ ደነገገ።

ዳሩ ግን በሕግ የተነገረው መብት በቤት ውስጥ የሚጨበጥ የሚሆነው በጽሑፍ ሲገኝ ነው። የይዞታ ደብተር መስጠት በ1990ዎቹ በትግራይ ተጀመረ፤ በዚያም መጀመሪያ የተጻፈው የቤተ ሰቡ ኀላፊ ስም ብቻ ነበረ። ቀጥሎም በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ሲሠራ፥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ፥ በአንዳንዱም ቦታ የሁለቱ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ተደረገ። ማሳው ጐረቤቶች በተሰበሰቡበት በገመድ ተለካ፤ አዋሳኞቹም ተመዘገቡ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 456 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ።

የአንዲት ሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ መገኘት ምን ያህል ጥቅም አለው የሚል ሰው ቢኖር፥ የገበሬ መበለትን ኑሮ ይመልከት። በብዙው ገጠራችን ልማድ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ ባልዋ የሞተባት ሴት መሬትዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹም አንድ ዓመት ያርሳል፤ ሁለት ዓመት ያርሳል፤ ዓመቱ በበዛ መጠን ማሳው በእርሱ ስም መጠራት ይጀምራል። የባልዋም ወንድሞች መሬቱ የወንድማችን ነው የሚሉበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ደብተሩ በባልዋ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምስክር ፍለጋ ከደጅ ደጅ መዞር ይጠብቃት ነበር። ስምዋ ያለበት ደብተር በሣጥንዋ ካለ ግን ልጆችዋን በመሬትዋ ለማሳደግ የማንንም ይሁንታ አትለምንም።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሁሉ የሚከተለውን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል። አስቀድሞ፥ ደብተሩ የት እንደ ተቀመጠና ምን እንደ ተጻፈበት ባልም ሚስትም ይወቁ። ማንበብ የማይችሉ ቢሆኑ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጃቸው ያንብብላቸው፤ ልጁም በዚያው የቤተ ሰቡን ማሳና ወሰን ያውቃል። ከባልና ከሚስት አንዱ በሞት የተለየ እንደ ሆነም፥ ሐዘኑ ካለፈ በኋላ ውርሱን በወረዳው የመሬት አስተዳደር ማስመዝገብ ይገባል።

ሁለተኛም፥ መሬት ሲከራይ ወይም ለእኩል ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመኑም ይወሰን። በመተማመን ብቻ የተደረገ ውል የተዋዋሉት ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ ሊጸና ይችላል፤ ለልጆቻቸው ግን የሚያወርሰው ክርክር ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1324 ገበሬው በመሬቱ የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሬቱ ራሱ አይሸጥም፤ በመያዣ የሚቀርበው የመጠቀም መብቱ ነው። ቢሆንም ዕዳው ያልተከፈለ እንደ ሆነ የሚጐድለው የቤቱ ሁሉ ቀለብ ነውና፥ ባልና ሚስት ሳይመካከሩ አንዳቸውም እንዲህ ያለውን ብድር አይጀምሩት።

ሦስተኛውና የሚከብደው የልጆች ነገር ነው። ጥማድ ማለት ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፥ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ያህል ይሆናል። 1 ሄክታር ያለው አባት ለ5 ልጆች ቢያካፍል ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሳቸውም፤ በሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሶት ይመለሳል። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ድልድል በኋላ የተወለዱት ልጆች ዛሬ ጐልማሶች ሆነው የወላጆቻቸውን ድርሻ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ ወላጆች በሕይወታቸው ሳሉ ወንዶችንም ሴቶችንም ልጆች ሰብስበው መነጋገር ይሻላቸዋል። አንዱ መሬቱን ይዞ ቢያርስ፥ ሌሎቹም በትምህርት፥ በእጅ ሥራ ወይም በንግድ እንዲደገፉ ቢደረግ፥ ማሳው ሳይቈራረስ ሁሉም እንጀራ ያገኛሉ። በዚህም ጊዜ ባል አግብታ የሄደችው እኅት ልትረሳ አይገባም፤ ሕጉ እንደማይረሳት ሁሉ።

የጥንቱ ሰው የአባቶቹን ስም በቃሉ ይዞ መሬቱን ይጠብቅ ነበር። የዛሬው ቤተ ሰብ ደግሞ የእናትንም የአባትንም ስም በደብተር አጽፎ፥ ልጆቹን ያለ አድልዎ መክሮ፥ መሬቱን ሊጠብቅ ይገባዋል። መሬት የማትጠግብ አይደለችም፤ በጥቂቷም ማሳ ላይ ቢሆን ፍቅር ካለ ትበቃለች። የማይበቃ የሚመስለን አንዱ ሲያውቅ ሌላው ሳያውቅ፥ አንዱ ሲጻፍ ሌላው ሳይጻፍ ሲቀር ነውና፥ በየቤታችን ይህን ዛሬውኑ እንመርምር።