ላጋሽ፦ የጡብ ቅርጫት የተሸከሙ ነገሥታት አገር

በደቡብ ኢራቅ፣ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል፣ ቴል አል-ሂባ የሚባል ሰፊ የአፈር ጉብታ አለ። ከ4,500 ዓመት በፊት እዚህ ቦታ ላይ ላጋሽ ነበረች። ሱመር ያኔ በአንድ ንጉሥ የምትገዛ አገር አልነበረችም፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ገዥ፣ የራሱ ቦይና የራሱ አምላክ ነበረው። ላጋሽም ጊርሱንና ሌሎች ከተሞችን አቅፋ ለኒንጊርሱ አምላክ ትገዛ ነበር።

ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው ኡር-ናንሼ ነው። ዛሬ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም በሚገኝ የድንጋይ ቅርጽ ላይ የጡብ ቅርጫት በራሱ ተሸክሞ፣ ልጆቹ ከፊቱ ተሰልፈው ይታያል። መቅደስ መሥራት የንጉሥ ወግ ነበርና ሸክሙ አላሳፈረውም።

የልጅ ልጁ ኤአናቱም ግን የሚታወቀው በጦርነት ነው። ላጋሽና ጎረቤቷ ኡማ ጉኤዲና በተባለው ለም መሬት ወሰን ለትውልዶች ተዋግተዋል። ኤአናቱም ድሉን ያስቀረጸበት ሐውልት ላይ ወታደሮቹ ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ሬሳ እየረገጡ ሲያልፉ፣ አሞራዎች የጠላትን ጭንቅላት በአፋቸው ይዘው ሲበሩ ይታያል። ሐውልቱም ስሙን ያገኘው ከእነዚሁ አሞራዎች ነው።

የወንድሙ ልጅ ኤንመቴና የወሰኑን ጠብ ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ በሸክላ ላይ አስጽፏል። ኡማ የተበደረችው ገብስ በወለድ ላይ ወለድ እየተደራረበበት ሊከፈል የማይችል ዕዳ እንደሆነም እዚያው ተመዝግቧል። ይኸው ገዥ በራሱ አገር ዕዳ ሰርዟል። ከዕዳ ነጻ ለመውጣት የሱመር ሰዎች የነበራቸው ቃል «አማርጊ» ሲሆን፣ ፍቺውም ወደ እናት መመለስ ማለት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2350 ዓመት ገደማ በላጋሽ የነገሠው ኡሩካጊና የሹማምንትን ዘረፋ በአዋጅ ለመግታት ሞከረ። ከእርሱ በፊት ሬሳ ለማስቀበር 7 ማሰሮ ቢራና 420 ዳቦ ይከፈል ነበር፤ እርሱ ወደ 3 ማሰሮና 80 ዳቦ አወረደው። ሐዘንተኛው እፎይ ያለው ግን ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። የኡማው ሉጋልዛጌሲ መጥቶ መቅደሶቹን አቃጠለ፣ ብሩንም ዘረፈ።

ላጋሽ ዳግመኛ ያበበችው ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጉዴአ ዘመን ነው። ጉዴአ ለኒንጊርሱ ኤኒኑ የተባለውን መቅደስ ሲያሠራ የዝግባ እንጨት ከሩቅ ተራሮች፣ ለሐውልቶቹ የሚሆነውን ጥቁር ድንጋይም ከማጋን፣ ከዛሬዋ ኦማን አካባቢ፣ አስመጣ። ከሐውልቶቹ አንዱ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ የመቅደሱ ቅጥር ፕላን ተቀርጿል፣ አጠገቡም መለኪያና መጻፊያ ተቀምጠዋል። የዚህ ሐውልት ራስ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ፕላኑ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።